ቀሚሳቸው ለንደን የቀረ እቴጌ

ስለ አፄ ቴዎድሮስ ሽጉጥና ስለ ሴባስቶፖል መድፍ እየሰማን ነው ያደግነው። ስለ ባለቤታቸው ብጠይቃችሁስ? የክፍል ጓደኞቼን ጠይቄ ብዙዎቹ እቴጌ ተዋበችን ጠርተው ቆሙ። እኔም ያው ነበርኩ። ስለ እቴጌ ጥሩወርቅ ውቤ እንዳነብ ያደረጉኝ ኮልፌ አጠና ተራ አካባቢ በእጅ ጥልፍ የሚተዳደሩ አንዲት ጎረቤታችን ናቸው። በስልኬ የአንድ የድሮ ቀሚስ ፎቶ ባሳያቸው ሥራቸውን አቁመው የማን ነው ብለው ጠየቁኝ። የማን እንደሆነ በደንብ መመለስ አልቻልኩም።

ጥሩወርቅ የሰሜንና የትግራይ ገዥ የደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ልጅ ናቸው። ደጃዝማች ውቤ ሊነግሡ አስበው ደረስጌ ላይ የማርያምን ቤተ ክርስቲያን አሠሩ። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ግን ካሣ ኃይሉ እዚያው ደረስጌ ላይ ድል አደረጓቸውና በቀናት ውስጥ በዚያው ቤተ ክርስቲያን ዘውድ ደፍተው አፄ ቴዎድሮስ ተባሉ። አባት ታሠሩ፤ ልጅ ደግሞ እቴጌ ተዋበች ካረፉ በኋላ ለአሳሪው ተዳሩ። አባቴን ያስፈታልኛል ብለው ነው የተቀበሉት ይባላል። ደጃዝማች ውቤ ግን ወደ ሥልጣናቸው አልተመለሱም። ከዚህ በኋላ ትዳሩ የሰመረ አለመሆኑ አይገርምም። ንጉሡም ሌላ ሴት ያዙ። እቴጌዪቱ ኩሩና ዳዊት የሚደግሙ ሴት እንደነበሩ ይነገራል፤ በሚያዝያ 1853 ዓ.ም. ልዑል ዓለማየሁን ወለዱ።

ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ንጉሡ ራሳቸውን ሲያጠፉ የእንግሊዝ ጦር አምባውን ዘረፈ። ዘረፋው በ15 ዝሆንና በ200 ገደማ በቅሎ ተጭኖ ወረደ። እናትና ልጅም ከጦሩ ጋር ወደ ሰሜን ጉዞ ጀመሩ። እቴጌዪቱ ታመው ነበር፤ አገራቸው ሳይደርሱ በግንቦት ወር እንጣሎ አካባቢ አረፉና ጨለቆት ሥላሴ ተቀበሩ። ሰባት ዓመት የሞላው ልጅ መርከብ ላይ ተሳፈረ። በ18 ዓመቱ እንግሊዝ አገር ሞቶ ዊንድሰር ተቀበረ፤ አጽሙ ይመለስ የሚለውን ጥያቄ ቤተ መንግሥቱ እ.ኤ.አ. በ2023 አልተቀበለም። እናት ጨለቆት፣ ልጅ ዊንድሰር፣ ቀሚሱ ደግሞ ለንደን ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም። ቀሚሱ እዚያ የገባው እ.ኤ.አ. በ1869 ነው፤ መቅደላ 150 ዓመት ሲሞላው በ2018 ለሕዝብ አሳይተውት ነበር።

ቀሚሱ ነጭ የጥጥ ሸማ ሆኖ በባለቀለም ሐር የተጠለፈ ነው። እስቲ በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ልብስ እንዴት ይሠራ እንደነበር አስቡት። ጥጡ ተዳምጦ ፍሬው ይወጣል፣ በደጋን ይነደፋል፣ በእንዝርት ይፈተላል። ፈትል የባላባት ልጅም የማታፍርበት ሥራ ነበር፤ እንጀራው ለገረድ ሲተው እንዝርቱ ግን ከእመቤቲቱ እጅ አይጠፋም። ሸማኔው እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ከትቶ መወርወሪያውን ግራ ቀኝ እየወረወረ ይሸምናል። የሚወጣው ጨርቅ ጠባብ ስለሆነ ጎን ለጎን እየተጋጠመ በመርፌ ይሰፋል። ሐሩ አገር ውስጥ አይገኝም፤ ከባሕር ማዶ በምጽዋ በኩል ነው የሚመጣው። ስለዚህ ጠላፊው አንዲት ክር እንኳ አያባክንም። አሁን በመኪና በአንድ ቀን ተጠልፎ የሚያልቀው ያኔ ስንት ወር ይፈጅ እንደነበር ጎረቤቴ ሊገምቱልኝ ሞክረው ተዉት።

ይህን ሁሉ አንብቤ ተመልሼ ስነግራቸው ስለ ንጉሡ ብዙም አልጠየቁኝም። እሳቸው የፈለጉት ቀሚሱን ገልብጦ ማየት ነው። ጥልፍ የሚታወቀው በጀርባው ነው አሉኝ፤ ክሩ የት እንደተጀመረ፣ የት እንደተቋጠረ፣ ጠላፊው የት እንደተሳሳተና እንዴት እንደሸፈነው የሚታየው እዚያ ነው። እኔ ይዤ የሄድኩት ፎቶ ደግሞ ፊቱን ብቻ ነው የሚያሳየው። ስልኬን እያቀረቡና እያራቁ ብዙ አዩት። ዓይናቸውም እንደ ድሮው አይደለም።

ይኸው አንገቱን በግምት እየጠለፉት ነው። እስካሁን ሁለት ጊዜ ፈትተውታል።