ማርክ ዶናሂው፤ ፍጥነትን በልክ የፈለገ ሰው

የእሽቅድምድም መኪና ስም ሲነሣ ብዙዎቻችን ቶሎ የምናስበው የሞተሩን ጩኸትና የነጂውን ድፍረት ነው። ነገር ግን ለድል የሚያበቃው ድፍረት ብቻ አለመሆኑን ከአሜሪካዊው መሐንዲስና ነጂ ከማርክ ዶናሂው ሕይወት እንማራለን።

ዶናሂው በ1937 እ.ኤ.አ. በኒው ጀርሲ ግዛት ተወለደ። በብራውን ዩኒቨርሲቲ የመካኒካል ምሕንድስና ተምሮ በ1959 ተመረቀ። ኋላም ከሮጀር ፔንስኪ ጋር ተባብሮ፥ መኪናውን ራሱ እያስተካከለ ራሱም እየነዳ ይወዳደር ጀመር።

የመኪና ሞላ ክብደቱን ይሸከማል፤ በኩርባ ላይም ምን ያህል እንደሚያዘነብል ይወስናል። አሞርዛቶር ደግሞ የተጨቆነው ሞላ ሲመለስ ደጋግሞ እንዳይዘል ይገታዋል። ሞላው እጅግ ቢጠነክር ጎማው በሻካራ መንገድ ላይ ይነጥራል፤ እጅግ ቢላላ መኪናው ይወዛወዛል። የፊቱ ሞላ ከኋላው ይልቅ ያለ ልክ ሲጠነክር መኪናው በኩርባ ላይ በፊቱ ወደ ውጭ ይንሸራተታል፤ የኋላው ያለ ልክ ሲጠነክር ደግሞ በጅራቱ ይሸሻል። ስለዚህ አንዱን ወገን አቀናሁ ያለ ሰው ሌላውን ሊያበላሽ ይችላል።

ይህን ሁሉ በስሜት ብቻ መፍረድ ለነጂ ቀላል ነው። ዶናሂው ግን በሰፊ አስፋልት ላይ ልኩ በታወቀ ክብ ዙሪያ እየነዳ ጊዜውን ያስቆጥር ነበር። ከጊዜውና ከክቡ ስፋት ጎማዎቹ መንገዱን የያዙበት ኃይል በሒሳብ ይገኛል። ከዚያም አንድ ነገር ለውጦ እንደ ገና ይነዳል፤ የተሻለውንም ይይዛል።

የዚህ ትዕግሥት ፍሬ ታየ። በ1972 የኢንዲያናፖሊስን የ500 ማይል ውድድር በሰዓት በአማካይ 262 ኪሎ ሜትር ያህል ነድቶ አሸነፈ። በዚያው ዓመት አዲሱን የፖርሽ መኪና ሲፈትን ተጋጭቶ ጉልበቱ ክፉኛ ተጎዳ፤ የዓመቱንም ሻምፒዮንነት በእርሱ ቦታ የተተካው ጆርጅ ፎልመር ወሰደ። ዶናሂው ግን ተስፋ አልቆረጠም። በ1973 ከ1,000 የፈረስ ጉልበት በላይ ባለው ፖርሽ 917/30 ከ8ቱ የካን-አም ውድድሮች 6ቱን አሸንፎ ሻምፒዮን ሆነ።

ነሐሴ ወር 1975 ደስታንና ኀዘንን አብሮ አመጣ። በ9ኛው ቀን በታላዴጋ በሰዓት ከ355 ኪሎ ሜትር በላይ ነድቶ አዲስ የዓለም ክብረ ወሰን አቆመ። በ17ኛው ቀን ግን በኦስትሪያ ለውድድር ሲለማመድ ከመንገድ ወጥቶ ተጋጨ። መጀመሪያ ደኅና መስሎ ሲታይ ሕመሙ ጠናበትና በ19ኛው ቀን በ38 ዓመቱ ዐረፈ። ፍጥነትን የለካው መሐንዲስ የዕድሜውን ልክ ማወቅ አልቻለም፤ ይህ ለማንም ሰው አልተሰጠምና።

ሆኖም ልፋቱ ከንቱ ነበር አንልም። እኛ በቤተ ሙከራ ሁለት ነገሮችን ባንድ ጊዜ ለውጠን ምክንያቱ የትኛው እንደ ሆነ ሳናውቅ የቀረንበት ቀን ብዙ ነው፤ አንዳንዴም ሳንለካ መልሱን ጽፈናል። ጓደኞቻችን ሆይ፥ ከዶናሂው ፍጥነቱን ሳይሆን ትዕግሥቱን እንውሰድ። ከመገመት መለካት ይሻላል፤ ቀስ በቀስ እንቁላልም በእግሩ ይሄዳልና።