የቅድስት ካቴሪ ተካክዊታ የትውልድ ሐረግ

በአገራችን የሰው ዘር ሲጠየቅ እስከ ሰባት ቤት መቍጠር የቆየ ልማድ ነው። ከዩናይትድ ስቴትስና ከካናዳ ነባር ሕዝቦች መካከል በመጀመሪያ ለቅድስና ክብር የበቃችውን የካቴሪ ተካክዊታን ሕይወት ለመረዳት ግን ሁለት ቤት ይበቃናል፤ የአባቷና የእናቷ።

ካቴሪ እ.ኤ.አ. በ1656 ዛሬ ኒው ዮርክ በሚባለው ግዛት፣ ኦሰርነኖን በተባለ የሞሃውክ መንደር ተወለደች። በዚሁ መንደር ከዐሥር ዓመት በፊት ኢየሱሳዊው አባ ይስሐቅ ዦግ በሰማዕትነት አልፈዋል። አባቷ የሞሃውክ አለቃ ሲሆን ክርስትናን አልተቀበለም። እናቷ ግን ከአልጎንኪን ሕዝብ ወገን፣ በትሯ ሪቪዬር በፈረንሳውያን ዘንድ ያደገች ጥሙቅ ሴት ነበረች። ሁለቱ ሕዝቦች በጠላትነት ይተያዩ ነበርና ሞሃውኮች ማርከው ወሰዷት፤ በኋላም የአለቃው ሚስት ሆነች።

በሞሃውክ ሕዝብ ዘንድ ዘር የሚቈጠረው በእናት ነው፤ ምርኮኞችም ወደ ቤተ ሰብ በጉዲፈቻ ይገቡ ነበር። እንግዲህ የአለቃው ልጅ የትውልድ ሐረግ በምርኮኛዪቱ በኩል ያልፋል ማለት ነው። በቅዱስ ማቴዎስ ወንጌል የተጻፈውን የጌታችንን የትውልድ ሐረግ የሚያስተምሩ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሞዓባዊቷን ሩትን እዚህ ላይ ሳያስታውሱ አይቀሩም።

ካቴሪ የአራት ዓመት ሕፃን ሳለች ፈንጣጣ እናቷን፣ አባቷንና ትንሽ ወንድሟን ቀጠፈ፤ የእርሷንም ዓይን አደከመ፣ ፊቷንም አጠቈረ። ያሳደጋት አጎቷ ብዙ ወገኖቹ ክርስቲያን ሆነው መንደሩን እየለቀቁ በመሄዳቸው ቂም ይዞ ነበር። እርሷ ግን በ1676 በትንሣኤ በዓል ከአባ ዣክ ደ ላምበርቪል እጅ ተጠመቀች፤ ካቴሪ የሚለውም ስም የቅድስት ካታሪና ዘሲዬና መታሰቢያ ነው። ከዚያ በኋላ ስድቡና ማስፈራሪያው ስለ በዛባት በ1677 ሸሽታ በሞንትሪያል አቅራቢያ ወደ ነበረው የክርስቲያን ነባር ሕዝቦች መንደር ገባች።

ስለ ካቴሪ ሲነገር እምነቷን ከሚስዮናውያን ብቻ እንዳገኘች ተደርጎ ብዙ ጊዜ ይቀርባል። እኛ የእናቲቱ ድርሻ ሊዘነጋ አይገባውም እንላለን። በአዲሱ መንደር ተቀብላ ያስጠጋቻትና ያስተማረቻት አናስታስያ የተባለች አረጋዊት የእናቷ ወዳጅ የነበረች ናትና። በልጅነቷ የተቋረጠው የእናት ትምህርት በዚህች ሴት አፍ ቀጠለ።

ካቴሪ በዚያው ዓመት በልደት በዓል ቅዱስ ቍርባንን ለመጀመሪያ ጊዜ ተቀበለች። ሚያዝያ 17 ቀን 1680፣ በሰሙነ ሕማማት ረቡዕ፣ በ24 ዓመቷ ዐረፈች። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ በ1980 ብፅዕናዋን፣ በነዲክቶስ 16ኛ በ2012 ቅድስናዋን ዐውጀዋል። ዐፅሟ በካናዋኬ በቅዱስ ፍራንቸስኮስ ዣቪየር ቤተ ክርስቲያን ይገኛል።