የውጥረት ጥናት ፈር ቀዳጅ ዶክተር ሐንስ ሴልዬ

ዛሬ በብዙ ቋንቋዎች ስለ ሥራ ጫናና ስለ ኑሮ ውጥረት ሲነገር አብሮ የሚነሳው ስትሬስ የተሰኘው ቃል ወደ ሕክምናው ዓለም በስፋት የገባው አንድ ሙከራ ከከሸፈ በኋላ ነው። የሙከራው ባለቤት ዶክተር ሐንስ ሴልዬ ናቸው።

ሴልዬ እ.ኤ.አ በ1907 በቪየና ከሃንጋሪያዊ የጦር ሠራዊት ሐኪምና ከኦስትሪያዊት እናት ተወልደው በኮማሮም ከተማ አደጉ። በፕራግ በሚገኘው የጀርመን ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ሲማሩ አንድ ነገር ትኩረታቸውን ሳበ። ለትምህርት የሚቀርቡት ሕመምተኞች በሽታቸው የተለያየ ቢሆንም፣ የሁሉም የምግብ ፍላጎት የቀነሰ፣ ክብደታቸው የጎደለና አቅማቸው የደከመ ነበር። መምህራኑ አንዱን በሽታ ከሌላው የሚለየውን ምልክት ሲፈልጉ፣ ወጣቱ ተማሪ ሁሉም የሚጋሩት ምልክት ለምን ችላ እንደሚባል ይጠይቁ ነበር።

ጥያቄው ዳግም የተነሳው ከዓመታት በኋላ በካናዳ ነው። በሞንትሪያል በሚገኘው የማክጊል ዩኒቨርሲቲ በባዮኬሚስቱ ጄምስ ኮሊፕ ሥር ሲሠሩ፣ አዲስ ሆርሞን ለማግኘት ከእንስሳት የእንቁላል ዕጢ የተዘጋጀ ፈሳሽ አይጦችን ይወጉ ጀመር። አይጦቹ ሲመረመሩ ከኩላሊት በላይ የሚገኙት አድሬናል ዕጢዎች ገዝፈው፣ ታይመስና የንፍፊት ዕጢዎች ኮስሰው፣ ጨጓራቸውም ቆስሎ ተገኘ። ሴልዬ ያሰቡት የተሳካ መሰላቸው። ዳሩ ግን ከሌሎች የአካል ክፍሎች የተዘጋጀው ፈሳሽም ያንኑ ለውጥ አስከተለ፤ ፎርማሊን የተባለው ኬሚካል ደግሞ ከሁሉም ባሰ። አዲስ ሆርሞን አልነበረም።

ብዙ የተደከመበት ሥራ ከንቱ በመሆኑ በእጅጉ ካዘኑ በኋላ፣ የፕራጉ ጥያቄ ትዝ አላቸው። ቅዝቃዜ፣ ቁስል፣ ከአቅም በላይ የሆነ እንቅስቃሴና መርዝ ሁሉ ተመሳሳይ ለውጥ የሚያስከትሉ ከሆነ፣ ምላሹ የአካሉ የራሱ ነው ማለት ነው። የሚያከብሯቸው አንድ አንጋፋ ተመራማሪ በቆሻሻ ጥናት ዕድሜያቸውን እንዳያባክኑ ሲመክሯቸው፣ በኢንሱሊን ግኝት የታወቁት ፍሬደሪክ ባንቲንግ ግን አበረታተው መጠነኛ ገንዘብም ሰጧቸው። ግኝቱ እ.ኤ.አ በ1936 ኔቸር በተሰኘው የሳይንስ መጽሔት በአጭር ጽሑፍ ወጣ።

በሴልዬ ትንታኔ አካል በመጀመሪያ በማስጠንቀቂያ ደረጃ ኃይሉን ያነሳሳል፤ ቀጥሎ ጫናውን ይቋቋማል፤ ጫናው ከረዘመ ግን አቅሙ ተሟጦ ይዝላል። ቃሉን የተዋሱት ከፊዚክስ ሲሆን፣ በዚያ ስትሬስ የሚባለው ጫናው ራሱ እንጂ ጫናው ያስከተለው ለውጥ አይደለም። ሴልዬ ቃሉን ለአካሉ ምላሽ ማዋላቸው የቋንቋ ስህተት እንደነበረ በኋላ አምነዋል፤ ሆኖም ቃሉ አስቀድሞ ዓለምን አዳርሶ ነበር።

እ.ኤ.አ ከ1945 ጀምሮ በሞንትሪያል ዩኒቨርሲቲ የምርምር ተቋም ሲመሩ፣ በርካታ መጻሕፍትና ከ1 ሺህ 500 በላይ የምርምር ጽሑፎች አሳትመዋል። ለኖቤል ሽልማት በተደጋጋሚ ቢታጩም አላገኙም። ትምህርታቸውም ያለ ትችት አልቀረም። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር ሪቻርድ ላዛረስ፣ ጫናው ምን ያህል እንደሚጎዳ የሚወስነው ሰውየው ለሁኔታው የሚሰጠው ግምትና ለመቋቋም አለኝ የሚለው አቅም ጭምር መሆኑን አሳዩ። በዚህ አስተያየት መሠረት አንድ ዓይነት መመሪያ የደረሳቸው ሁለት ባልደረቦች፣ አንደኛው እንቅልፍ ሲያጣ ሌላው ተረጋግቶ ሊሠራ ይችላል። የአይጥ ሙከራ ይህን ሊያሳይ አይችልም ነበር።

ከሁሉም የከበደው ወቀሳ ግን የመጣው ከሞታቸው በኋላ ነው። ሴልዬ ከትምባሆ ኢንዱስትሪ ለምርምራቸው ገንዘብ ይቀበሉ እንደነበር ይፋ በሆኑ የኩባንያዎቹ ሰነዶች ተረጋግጧል። እ.ኤ.አ በ1969 ለካናዳ ፓርላማ ኮሚቴ በሰጡት ማብራሪያ፣ ማጨስ ለአንዳንድ ሰዎች ውጥረትን ማቃለያ እንደሚሆን ተከራክረዋል። የሰው ልጅ ከጫና የሚያገግምበትን መንገድ ሲያጠኑ የኖሩት ምሁር ስማቸውን ለዚህ ማዋላቸው በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም።

ዶክተር ሴልዬ እ.ኤ.አ በጥቅምት ወር 1982 በሞንትሪያል በ75 ዓመታቸው አረፉ። በዚያው ዓመት በአውስትራሊያ ሁለት ሐኪሞች ከሕመምተኞች ጨጓራ አንድ ባክቴሪያ ለይተው በላብራቶሪ አሳደጉ። ባክቴሪያው የአብዛኛው የሰው ጨጓራና የአንጀት ቁስለት መንስኤ መሆኑ በመረጋገጡ፣ ሐኪሞቹ በ2005 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል።