ዐፄ ቴዎድሮስ፤ ዘፈኑ የሚለውና የማይለው

እኔ በመካነ ሰላም የምማር የቦረና ልጅ ነኝ። ስለ ዐፄ ቴዎድሮስ መጀመሪያ የሰማሁት ከመጽሐፍ ሳይሆን ከዘፈን ነው። የታሪክ መምህራችን አንድ ቀን ቴዲ አፍሮ በ2009 ዓ.ም. ባወጣው አልበም ስለ ንጉሡ የዘፈነውን በክፍል ውስጥ አሰሙን፤ አስከትለውም ሕዝቡ ንጉሡ በሞቱ ጊዜ ያወጣውን የመቅደላ ሙሾ በቃላቸው አወረዱልን። ከዚያም የደብተራችንን ገጽ ለሁለት ከፍለን በአንዱ ወገን ዘፈኑ የሚለውን፣ በሌላው ወገን የማይለውን እንድንጽፍ አዘዙን። ቀጥሎ ያለው የንጉሡ ሕይወት ከዚያ ደብተር የወጣ ነው።

ዐፄ ቴዎድሮስ በ1811 ዓ.ም. በቋራ ተወለዱ፤ ስማቸውም ካሣ ኃይሉ ነበር። አባታቸው ቀድመው ስለ ሞቱ እናታቸው በችግር አሳደጓቸው፤ ጠላቶቻቸውም የኮሶ ሻጭ ልጅ እያሉ ይሰድቧቸው ነበር። ከሸፈቱ በኋላ ኃይላቸው እየበረታ ሄዶ በኅዳር 1845 ዓ.ም. በጉር አምባ የጎጃሙን ደጃዝማች ጎሹን ድል አደረጉ። ከጦርነቱ በፊት የደጃዝማቹ አዝማሪ ካሣን በዘፈን አዋርዷቸው ነበርና፣ በተማረከ ጊዜ በዱላ ተደብድቦ እንደ ሞተ ይነገራል። ይህን ስሰማ በዚያ ዘመን ዘፈን የጨዋታ ነገር ብቻ እንዳልነበረ ተረዳሁ።

በዚያው ዓመት በሰኔ ወር በአይሻል ራስ ዓሊን፣ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደግሞ በደረስጌ ደጃዝማች ውቤን ድል ነሥተው በደረስጌ ማርያም ዘውድ ጫኑ። ሐሳባቸው መሳፍንት የተከፋፈሏትን አገር አንድ ማድረግ፣ ለወታደር ደመወዝ መቁረጥ፣ የባሪያ ንግድንም ማስቀረት ነበር። በጋፋት በአውሮፓውያን ሠራተኞች መድፍ አሠሩ፤ ሴባስቶፖል የተባለውን ትልቁን መድፍ ሕዝቡ ለወራት እየጎተተ መቅደላ አደረሰው፤ እስከ ዛሬም በዚያው አለ።

እስከዚህ ድረስ ደብተሬ በምስጋና ተሞላ፤ ሁለተኛው ወገን ግን ባዶ ነበር። ማታ አያቴን ብጠይቃቸው ዝም ብለው ቆዩና፣ አባቶቻቸው ስለዚያ ንጉሥ ሲያወሩ አስቀድመው የሚያነሡት የተቃጠለ እህልን እንደ ነበር ነገሩኝ። በማግስቱ መጽሐፍ ባገላብጥ ነገሩ እውነት ሆኖ አገኘሁት። ንጉሡ በ1847 ዓ.ም. ወደ ወሎ ዘምተው በመስከረም 1848 ዓ.ም. ከእኛ በስተ ሰሜን በበሽሎ አጠገብ ያለችውን መቅደላን ያዙ፤ ወሎ ግን አልገብርም ስላለ ደጋግመው ዘመቱበት፤ ብዙ አገር ተዘረፈ፤ የብዙ ሰው እጅና እግር ተቆረጠ። በሰኔ 1857 ዓ.ም. ምኒልክ ከመቅደላ እስር አምልጠው ወደ ወሎዋ ገዢ ወደ ወይዘሮ ወርቂት በደረሱ ጊዜ፣ ንጉሡ በቁጣ የወይዘሮዋን ልጅና ሌሎቹን የወሎ እስረኞች አስገደሉ።

ፍጻሜያቸውን ሁሉም ያውቀዋል። በ1855 ዓ.ም. ለንግሥት ቪክቶሪያ ደብዳቤ ላኩ፤ መልስ ቢያጡ የእንግሊዝን ቆንስል አሰሩ፤ እንግሊዝም በጄኔራል ናፒየር አዛዥነት 13 ሺህ ያህል ወታደር አዘመተች። በ1860 ዓ.ም. በስቅለት ዕለት ሠራዊታቸው በእሮጌ ተሸነፈ፤ በፋሲካ ማግስት፣ ሚያዝያ 6 ቀን፣ እጄን ለጠላት አልሰጥም ብለው በሽጉጣቸው ሞቱ። የአምባው መጻሕፍትና ንዋያተ ቅድሳት ተዘረፉ፤ የ7 ዓመት ልጃቸው ዓለማየሁም ወደ እንግሊዝ ተወስዶ በ1872 ዓ.ም. በዚያው ሞተ።

ደብተራችንን ባነበብን ዕለት በክፍሉ ታላቅ ክርክር ተነሣ። አንዱ ጓደኛችን ዘፈኑ ውሸት ነው አለ፤ ሌላው አያቶቻችን ቂም ይዘው ነው አለ፤ እኔም ጀግናዬን እንዳላጣ ፈርቼ ያነበብኩትን ልሰርዝ ዳድቶኝ ነበር። መምህራችን ግን አልቅሶ ቤት ሄደን ስለምናውቀው ነገር ጠየቁን። ሙሾ አውራጅ የሟችን ጀግንነት ታነሣለች እንጂ ጥፋቱን አትቆጥርም፤ ይህም ከእርሷ ውሸት አይደለም። ታሪክ የሚማር ሰው ግን ያላለቀሰውንም ጎረቤት ሄዶ መጠየቅ አለበት አሉን።

ዘፈኑን ዛሬም እወደዋለሁ። ባዶ የነበረውን ወገን ግን አያቴ እየነገሩኝ ሞልቼዋለሁ። እናንተም፣ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ስለ አንድ ጀግና የተዘፈነ በሰማችሁ ጊዜ ደብተራችሁን ለሁለት ክፈሉ፤ አያቶቻችን በሕይወት ሳሉም እንጠይቃቸው።