ለሁሉም አንድ ሕግ፤ የይድነቃቸው ተሰማ ሕይወትና ሥራ

በ1968 ዓ.ም. የካቲት መጨረሻ ድሬዳዋ የናይጄሪያን፣ የሞሮኮን፣ የሱዳንንና የዛየርን ብሔራዊ ቡድኖች በስታዲየሟ አስተናገደች። አሥረኛው የአፍሪካ ዋንጫ ውድድር በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ተከፍሎ ይካሄድ ነበርና፣ የሁለተኛው ምድብ ግጥሚያ የደረሰው ለባቡሩ ከተማ ነው። ዋንጫውን ይዞ የመጣው ዛየር በዚሁ ምድብ አንድም ጨዋታ ሳያሸንፍ ተሰናበተ። በአዲስ አበባ ደግሞ አስተናጋጇ ኢትዮጵያ ከመጀመሪያው ዙር ማለፍ ተሳናት። በዚያን ጊዜ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ኢትዮጵያዊው አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ። ሕጉ ለባለ ዋንጫውም፣ ለባለ ሜዳውም፣ ለፕሬዚዳንቱ አገርም አላደላም። አቶ ይድነቃቸው በዕድሜያቸው ሙሉ የደከሙትም እንዲህ ያለ ሕግ በአፍሪካ ስፖርት ሥር እንዲሰድ ነው።

አቶ ይድነቃቸው መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም. በጅማ ተወለዱ። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የአውቶሞቢልን ሙያ እንዲማሩ ወደ ጀርመን አገር ተልከው የነበሩ፣ እዚያም ድምፃቸውን በሸክላ ያስቀረጹ ዝነኛ ባለቅኔ ናቸው። ልጅየው በተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ተምረው በወጣትነታቸው ወደ ቅዱስ ጊዮርጊስ ቡድን ገቡ። ቡድኑ በተመሠረተ ማግሥት ጠላት አገሩን ስለ ወረረ፣ ኢትዮጵያውያን በገዛ አገራቸው ከነጮቹ ተለይተው፣ ለብቻቸው በተከለለላቸው ውድድር እንዲጫወቱ ተደረገ። በቀለም የተከፈለ ሜዳ ምን እንደሚመስል ወጣቱ ይድነቃቸው ያዩት በወሬ ሳይሆን በዓይናቸው ነው።

ከነፃነት በኋላ በአንድ በኩል እየተጫወቱ በሌላ በኩል የኢትዮጵያን እግር ኳስ ፌዴሬሽን ካቋቋሙትና ካደራጁት ሰዎች አንዱ ሆኑ። ኳስ ተጫዋችነት፣ አሠልጣኝነትና የጽሕፈት ቤት ሥራ በአንድ ሰው ላይ ተደራርበው መገኘታቸው የዘመኑ የሰው ኃይል እጥረት ያስከተለው ነበር፤ ሆኖም ሦስቱንም ጠንቅቀው ስለሚያውቁ ኋላ በዓለም አቀፍ ስብሰባ ላይ የሚናገሩት ሁሉ ክብደት ነበረው።

የመጀመሪያው ትልቅ ፈተና የመጣው በየካቲት 1949 ዓ.ም. በካርቱም ነው። ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ የአፍሪካን ኮንፌዴሬሽን ለመመሥረትና የመጀመሪያውን ዋንጫ ለመጫወት ተሰበሰቡ። ደቡብ አፍሪካ ግን ወይ ነጮች ብቻ ያሉበት፣ ወይ ጥቁሮች ብቻ ያሉበት ቡድን ካልሆነ ቅልቅል አላመጣም አለች። አባላቱ አራት ብቻ ለሆኑት ለዚያ ጨቅላ ማኅበር አንዱን ማጣት ቀላል ጉዳት አልነበረም። ቢሆንም ኢትዮጵያን የወከሉት አቶ ይድነቃቸውና ሌሎቹ መልእክተኞች በዚህ አልተደራደሩም፤ ደቡብ አፍሪካ ከውድድሩ ወጣች። ኢትዮጵያ ከደቡብ አፍሪካ ጋር ልትጋጠም ስለነበር ያለ ጨዋታ ለፍጻሜ አለፈች፤ በፍጻሜውም በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈች።

ከአምስት ዓመት በኋላ ውድድሩ በአዲስ አበባ ሲደረግ የኢትዮጵያ ቡድን አሠልጣኝ እርሳቸው ነበሩ። በዚያ ዘመን የድሬዳዋ የጥጥ ማኅበርና የሲሚንቶ ፋብሪካ ቡድኖች የአገሪቱን ሻምፒዮና ደጋግመው ይወስዱ ነበር፤ በፈረቃ የሚሠራ የፋብሪካ ከተማ ከዋና ከተማው ክለቦች ጋር እኩል መፎካከር እንደሚችል አስመስክረዋል። የብሔራዊ ቡድኑ አምበል ሉቺያኖ ቫሳሎም የጥጥ ማኅበር ተጫዋች ነበር። አሥመራ ላይ ከኢጣሊያዊ አባትና ከኤርትራዊት እናት የተወለደው ይህ ሰው፣ በወረራው ዘመን ሕግ ቢሆን ኖሮ ከሁለቱም ወገን የሚገፋ ነበር። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በተደረገው ፍጻሜ ኢትዮጵያ ሁለት ጊዜ ተመርታ ሁለት ጊዜ አቻ ሆነች፤ ሁለተኛዋን የአቻነት ግብ ያገባው ሉቺያኖ ነው። በተጨማሪው ሰዓት የተባበረችው ዓረብ ሪፑብሊክ 4 ለ 2 ተሸነፈች፤ ዋንጫውንም ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ የተቀበለው ይኸው አምበል ነበር።

ሁለተኛው ፈተና ከዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ጋር ነው። እ.ኤ.አ. ለ1966ቱ የዓለም ዋንጫ አፍሪካ አንድ ሙሉ ቦታ ተነፍጓት፣ አሸናፊዋ ከሌሎች አህጉራት ጋር እንድትጋጠም ተወሰነ። አቶ ይድነቃቸው ከጋናው ኦሄኔ ጃን ጋር ሆነው አፍሪካ ከማጣሪያው እንድትወጣ በግንባር ቀደምትነት ታገሉ። ዋጋው ከባድ ነበር፤ በ1963 እና በ1965 የአፍሪካን ዋንጫ ያነሣው የጋና ትውልድ የዓለምን መድረክ ሳያይ ቀረ። ፍሬው ግን ዘግይቶም ቢሆን ተገኘ። በ1970 ሞሮኮ ለአፍሪካ በተሰጠው ቋሚ ቦታ ሜክሲኮ ገባች፤ በ1982 ቦታው ሁለት ሆነ።

አቶ ይድነቃቸው ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ ኮንፌዴሬሽኑን በፕሬዚዳንትነት መሩ፤ የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴም አባል ነበሩ። ደቡብ አፍሪካ በ1968 ዓ.ም. ከዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን እስክትባረር ድረስ ካርቱም ላይ የያዙትን አቋም አልለቀቁም። ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም. በተወለዱ በ65 ዓመታቸው ሲያርፉ የአፓርታይድ ሥርዓት ገና አልፈረሰም ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1992 ደቡብ አፍሪካ ወደ ማኅበሩ ተመለሰች፤ በ1996ም ጥቁርና ነጭ በአንድነት የተሰለፉበት ቡድኗ በገዛ ሜዳዋ የአፍሪካን ዋንጫ አነሣ። በካርቱም በሩ የተዘጋው አንዲትን አገር ለዘለዓለም ለማስቀረት አልነበረም፤ እንዲህ ሆና እንድትገባ ነበር። መሠረት የሚጥል ባለሙያ ሕንፃው ተጠናቆ ሰው ሲገባበት ላያይ ይችላል። አቶ ይድነቃቸውም አላዩም፤ የጣሉት መሠረት ግን ሕንፃውን ተሸክሞ ቆመ።