የዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ የመጨረሻ ዓመታት
ስለ አንጎል የደም ሥርና ስለ መንግሥት ዕጣ

ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. በአንጎለላ ተወለዱ። አባታቸው ንጉሥ ኃይለ መለኮት በ1848 ዓ.ም. ሲያርፉ የዐሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበሩ። በዐፄ ቴዎድሮስ እጅ ገብተው ወደ መቅደላ ተወሰዱ፤ በ1857 ዓ.ም. ከአምባው አምልጠው ሸዋ በመግባት የአባታቸውን ዙፋን ያዙ። አዋሽን ተሻግረው ወደ አርሲ ያደረጉት ዘመቻ የአርሲ ኦሮሞ ለዓመታት በጽናት የተከላከለበትና ብዙ ደም የፈሰሰበት ነበር። በ1882 ዓ.ም. ዘውድ ጭነው ንጉሠ ነገሥት ሆኑ፤ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዓድዋ የኢጣልያን ጦር ድል አደረጉ።

በኢንጂነሪንግ ሙያ ለተሠማራ ሰው የምኒልክ ታሪክ ሌላም ገጽ አለው። ንጉሠ ነገሥቱ ለማናቸውም አዲስ መሣሪያ ዓይናቸውና እጃቸው የፈጠነ ነበር። ስዊሳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ከእንጦጦ ግርጌ ውኃ በቧንቧ ስቦ ወደ ቤተ መንግሥቱ ኮረብታ ባወጣ ጊዜ፣ ውኃ ቁልቁል እንጂ ሽቅብ ሲሄድ ያላየው ተመልካች ተደነቀ፤ እሳቸው ግን የግፊትን ኃይል ወዲያው ተረድተው ሥራው እንዲቀጥል አዘዙ። ስልክ አስገቡ፤ የባቡር ሐዲድ ፈቀዱ፤ በ1898 ዓ.ም. የአቢሲኒያ ባንክ ተከፈተ፤ በ1900 ዓ.ም. አዲስ አበባ በገባው አውቶሞቢል ተሳፈሩ።

ይሁን እንጂ ይህ ሁሉ ሥራ በአንድ ሰው ራስ ላይ የተመሠረተ ነበር። ከንጋት በፊት ተነሥተው ደብዳቤ ያስነብባሉ፤ ዳኝነት ይሰማሉ፤ የግንባታ ሥራ ይጎበኛሉ፤ ከውጭ መንግሥታት መልእክተኞች ጋር ይመክራሉ። የአገሩ ጉዳይ ከየአቅጣጫው ወደ አንድ አእምሮ ይፈስሳል፤ ውሳኔውም ከዚያው ይመነጫል።

የሰው አንጎል ክብደቱ ከመላው ሰውነት ክብደት ከመቶ ሁለት ያህል ቢሆን ነው። ልብ ከሚረጨው ደም ግን ከመቶ ዐሥራ አምስት በላይ የሚሆነውን ይወስዳል። ለጥቂት ደቂቃዎች ደም የተቋረጠበት የአንጎል ክፍል ይሞታል። ከፍ ያለ የደም ግፊት፣ የስኳር በሽታ፣ የበዛ ውፍረትና ትንባሆ የደም ሥሩን ግድግዳ ያደነድናሉ፤ ያጠብባሉ። ጉዳቱ በአንድ ቀን የሚደርስ አይደለም። አዋሽ በ1952 ዓ.ም. በቆቃ ተገድቦ ለኤሌክትሪክ ኃይል ከዋለ ወዲህ በየክረምቱ የሚወርደው ደለል የሐይቁን የመያዝ አቅም ምን ያህል እንደቀነሰው በሙያው ውስጥ ያለ ሁሉ ያውቃል። ላዩን ለሚያይ መንገደኛ ውኃው ያው ውኃ ነው፤ ጉዳቱ የሚታወቀው ከሥር የለካ እንደሆነ ነው። የአንጎል የደም ሥርም እንዲሁ ሳይታይ ይጎዳል፤ በመጀመሪያ ሐሳብ ይዘገያል፣ ማስታወስ ይደክማል፤ በመጨረሻም ስትሮክ የሚባለው አደጋ ይደርሳል።

በምኒልክ ዘመን ይህን የሚለካው መሣሪያ ገና መወለዱ ነበር። ኢጣልያዊው ሐኪም ሪቫ ሮቺ ክንድ ላይ የሚታሰረውን የደም ግፊት መለኪያ ያስተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ1896 ማለትም የዓድዋ ጦርነት በተደረገበት ዓመት ነው። ሩሲያዊው ኮሮትኮቭ በማዳመጫ የመለካትን ዘዴ የገለጸው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1905 ነው። ግፊቱን በአስተማማኝ ሁኔታ የሚያወርድ መድኃኒት እስኪገኝ ግን ገና ብዙ ዐሥርት ዓመታት ይቀሩ ነበር።

የንጉሠ ነገሥቱ ጤና መታወክ የጀመረው በ1898 ዓ.ም. ገደማ ነው። በዚያው ዓመት በመጋቢት ወር ወራሻቸው ይሆናሉ ተብለው የታሰቡት ራስ መኰንን አረፉ። በታኅሣሥ 1899 ዓ.ም. እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ኢጣልያ በኢትዮጵያ ላይ ያላቸውን ጥቅም ለመከፋፈል ለንደን ላይ ተፈራረሙ፤ የአዛውንቱ ንጉሥ ሞት ምን ያስከትል ይሆን የሚለው ሐሳብ ከውሉ ጀርባ ነበር። ምኒልክም ይህን ሳይረዱ አልቀሩም። በጥቅምት 1900 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሾሙ፤ በ1901 ዓ.ም. የልጅ ልጃቸውን ልጅ ኢያሱን ወራሽ እንዲሆኑ፣ ራስ ተሰማ ናደውን ደግሞ ሞግዚት እንዲሆኑ መረጡ።

ሕመሙ በየጊዜው እየተመለሰ ሰውነታቸውን አደከመው። በደብረ ሊባኖስ ጠበል ተጠመቁ፤ የጓዴሎፑን ተወላጅ ዶክተር ቪታሊየንን ጨምሮ የውጭ አገር ሐኪሞችም ተመላለሱባቸው። ተመርዘዋል የሚል ወሬ እንኳ በቤተ መንግሥቱ ተናፈሰ። በጥቅምት 1902 ዓ.ም. ከሁሉ የከፋው ስትሮክ ደረሰ፤ ሰውነታቸው ሽባ ሆነ፤ አንደበታቸውም ተዘጋ። የልጅ ኢያሱ ወራሽነት በዚያው ወር ለሕዝቡ በአዋጅ ተነገረ።

ከዚያ በኋላ አራት ዓመት ያህል አገሪቱ ንጉሥ ነበራት፤ ውሳኔ የሚሰጥ ንጉሥ ግን አልነበራትም። ትእዛዝ በእሳቸው ስም ይወጣ ነበር። እቴጌ ጣይቱ ባላቸውን እያስታመሙ ሥልጣኑን በእጃቸው ለማድረግ ሞከሩ፤ በመጋቢት 1902 ዓ.ም. መኳንንቱ ከመንግሥት ሥራ አስወገዷቸው። ራስ ተሰማ በሚያዝያ 1903 ዓ.ም. ሲሞቱ ልጅ ኢያሱ ሞግዚት የሌለው ወጣት ገዥ ሆኑ።

ዛሬ ሕክምና ለዚህ ዐይነቱ በሽታ ያለው መልስ ሰፊ ነው። ግፊቱ ይለካል፤ በመድኃኒት ይወርዳል። ውፍረታቸው ከልክ ላለፈና በሌላ መንገድ ላልተሳካላቸው ሰዎች ጨጓራን የሚያሳንስ ቀዶ ሕክምና ይደረጋል። ጥቅሙም ለወገብ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመ የኔዘርላንድ ጥናት ይህ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን 133 ሰዎች ሁለት ዓመት ተከታትሎ፣ ከመቶ 40 በላይ በሚሆኑት ላይ የማሰብ ችሎታ ጉልህ መሻሻል እንዳሳየ፣ የደም ግፊትም እንደቀነሰ ገልጿል። ሆኖም ቀዶ ሕክምናው ያለ ጣጣ አይደለም፤ ከዚያ በኋላ ቫይታሚን በሚገባ ያልወሰደ ሰው፣ በተለይም ቫይታሚን ቢ1 ካነሰው፣ ሊጠበቅለት የታሰበው አንጎል ራሱ ሊጎዳበት ይችላል። ስለዚህ ከሁሉ የሚቀድመው ጉዳቱ ሳይደርስ መለካት ነው።

ዳግማዊ ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ዐረፉ። ሞታቸው ለሕዝቡ በይፋ አልተነገረም፤ እንደ ማዕርጋቸው አልተለቀሰላቸውም። አስከሬናቸው ለዓመታት በቤተ መንግሥቱ ግቢ ቆይቶ በኋላ በታእካ ነገሥት በዓታ ቤተ ክርስቲያን ዐረፈ። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ወረዱ፤ በሚቀጥለው ወር በሰገሌ ሜዳ ኢትዮጵያውያን እርስ በርስ ተዋጉ፤ የወደቀውም ሰው ብዙ ነበር። በእነዚያ የጭንቅ ዓመታት የመንግሥቱን ሥራ እየጎተተም ቢሆን ያስኬደው፣ ንጉሡ አንደበታቸው ሳይዘጋ ያቋቋሙት የሚኒስትሮች ሥርዓት ነበር። ምኒልክ የደም ሥራቸውን የሚጠግን ሐኪም ባያገኙም፣ ጊዜ ሳለላቸው ሸክሙን ከአንድ ራስ ወደ ብዙ ትከሻ ማካፈል ጀምረው ነበር፤ ሥራው ግን ዘግይቶ የተጀመረ ነበርና ሳይጠናቀቅ ቀረ።