ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክና የነሐሱ ሐውልት

 

ወደ አዲስ አበባ ሄዶ የተመለሰ ዘመድ ካላችሁ በአራዳ ቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ፊት ለፊት በፈረስ ላይ የተቀመጠ ንጉሥ ሐውልት እንዳለ ነግሯችሁ ይሆናል። ንጉሡ ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ናቸው። ዛሬ ሕይወታቸውን በአጭሩ፣ የሐውልታቸውን ታሪክ ግን ሰፋ አድርገን እንማራለን።

ምኒልክ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. በአንጎለላ ተወለዱ። አባታቸው የሸዋው ንጉሥ ኃይለ መለኮት ሲሞቱ ዕድሜያቸው ገና 11 ዓመት ነበር። ከእናንተ ከብዙዎቻችሁ አይበልጡም ማለት ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ሸዋን በያዙ ጊዜ ወደ መቅደላ ወሰዷቸው። በዚያ 10 ዓመት ያህል ከቆዩ በኋላ በ1857 ዓ.ም. አምልጠው ወደ ሸዋ ተመለሱና በአባታቸው ዙፋን ተቀመጡ። በ1882 ዓ.ም. ደግሞ በእንጦጦ ማርያም ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ ጫኑ።

ኢጣልያ የውጫሌን ውል በተንኮል ተርጉማ ኢትዮጵያን በእጇ ልታስገባ ስትነሣ ምኒልክ ክተት ብለው ወደ ሰሜን ዘመቱ። ከእኛ አገር ከጎጃም ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ሠራዊታቸውን ይዘው አብረው ሄደዋል። የቅዱስ ጊዮርጊስ ታቦትም አብሮ ወረደ። ጦርነቱ የሆነው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዓድዋ ነው፤ 23 የማን በዓል እንደሆነ ለእናንተ መንገር አያስፈልግም። ድሉ የኢትዮጵያ ሆነ። ዐፄ ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ዐረፉ፤ መቃብራቸውም በታዕካ ነገሥት በዓታ ለማርያም ነው።

ሐውልቱ የቆመው ከዕረፍታቸው በኋላ ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ በሚጭኑበት ዋዜማ፣ ጥቅምት 22 ቀን 1923 ዓ.ም. ተመረቀ። ፈረሱ የፊት እግሮቹን አንሥቶ ሊዘል የተዘጋጀ ይመስላል። ነገር ግን ሐውልቱ በቦታው ብዙ አልቆየም። ጠላት አዲስ አበባን ከያዘ በኋላ በ1929 ዓ.ም. ሕዝቡ እንዳያይ በሌሊት አንሥቶ ቀበረው። በዚያው ዓመት የቅዱስ ጊዮርጊስንም ቤተ ክርስቲያን አቃጠለ። እስቲ አስቡት ልጆች፤ ዓድዋ ላይ ያሸነፈው ንጉሥ ሞቶ 23 ዓመት አልፎት ምስሉ እንኳ ያስፈራ ነበር። ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ከገቡና ነጻነት ከተመለሰ በኋላ ሐውልቱ ከተቀበረበት ወጥቶ እንደገና በቦታው ቆመ። ቤተ ክርስቲያኑም ታደሰ።

ከመሬት ሥር የዋለ ነገር እንዴት ሳይበላሽ ወጣ? ሐውልቱ የነሐስ ስለሆነ ነው። እንዲህ ያለው ነሐስ መዳብና ቆርቆሮ ቀልጠው ሲቀላቀሉ የሚገኝ ነው። ቆርቆሮ ስንል የቤት ክዳኑን ሳይሆን ማዕድኑን ራሱን ነው። ተራ ብረት እርጥበት ሲያገኘው ይዝጋል፤ ዝገቱም እየተላጠ ስለሚወድቅ ከሥሩ ያለው ደግሞ ይዝጋል። በድንጋይ መካከል የገባ ብረት ሲዝግ ያብጥና ድንጋዩን ይሰነጥቀዋል። ስለዚህ የቆዩ ሕንፃዎችን የሚያድሱ ባለሙያዎች በግንቡ ውስጥ የተደበቀውን ብረት አጥብቀው ይፈልጋሉ። ነሐስ ግን ዘመን ሲቆጠርበት ቡናማ ወይም አረንጓዴ የሆነ ስስ ቆዳ ያወጣል። ይህ ቆዳ ጠበቅ ያለና ለስላሳ ከሆነ ለነሐሱ እንደ ልብስ ነው፤ ይጠብቀዋል። ገፎ ማንጸባረቅ ልብሱን መግፈፍ ነው።

ሌላ ዓይነት አረንጓዴም አለ። ነጣ ያለ፣ እንደ ዱቄት የሚረግፍ፣ በጣት ሲነኩት የሚወጣ ነው። ይህኛው ከጨውና ከእርጥበት የሚመጣ በሽታ ነው፤ ነሐሱን እየበላ ይሄዳል። ደጅ ላይ የቆመ ሐውልት ደግሞ የወፍ ኩስና የመኪና ጭስ ይጎዱታል። ባለሙያዎቹ በንጹሕ ውኃና በለስላሳ ብሩሽ አጥበው፣ በደንብ አድርቀው፣ ውኃ እንዳይገባው ስስ ሰም ይቀቡታል። አሸዋና የሽቦ ቡርሽ አያስነኩትም።

ይህ ነገር ለደብረ ኤልያስ ልጆች ሩቅ አይደለም። በየቤተ ክርስቲያናችን የነሐስ መስቀል፣ ጽና፣ ጸናጽል አለ። ብዙ ሰው እንዲያበራ ብሎ ነሐስን በሎሚና በአመድ ይፈትጋል፤ በዓል ሲደርስማ ይብሳል። ያበራል፣ እውነት ነው። ሎሚው ግን ቆዳውን ይበላል፣ አመዱም ይሞርደዋል። በመስቀል ላይ የተቀረጸው የእመቤታችን ሥዕል ከዓመት ወደ ዓመት ይደበዝዛል። መስቀሉን የሰጠው ሰው በጸሎት እንዲታሰብ ያስጻፈው ስምም ይጠፋል። ስሙ ከጠፋ ማን ብለን እናስበው?

ንዋያተ ቅድሳቱን የምንይዘው እኛ ካህናትና ዲያቆናት ነን። እናንተ የምትይዙት ጸናጽል ግን አለ። ከመዝሙር በኋላ በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ጥረጉት፤ የእጅ ላብ ጨው አለበትና። በእርጥብ ጨርቅ ወይም በላስቲክ ጠቅልላችሁ አታስቀምጡት። ያ እንደ ዱቄት የሚረግፈው አረንጓዴ ከታየበት አትፋቁት፤ ከሌሎቹ ለይታችሁ በደረቅ ቦታ አኑሩና ለመሪጌታ ወይም ለአስተማሪያችሁ ንገሩ።